የሰው ልጅ ናት

መስከረም 19

የግሸን ተሳላሚ የጫኑ አውቶቡሶች ከጠዋት ጀምረው ሲያልፉ ዋሉ። ቲማቲሙ በጊዜ አለቀ። ሽንኩርቱ ቀረ። መንገደኛ ሽንኩርት ምን ያደርግለታል... ጉልቴን ጠቅልዬ ገባሁ።

አሮጊቷ ነቅታለች። ውሃ አጠጣኋት፣ ትራሷን ገለበጥኩላት። አንዲት ተሳላሚ ሴትዮ የሚጠጣ ውሃ ብላ ገባች። ቆማ ስትጠጣ አሮጊቷን አየችና "ታድለው፣ ልጅዎ ናት የምትጦርዎት?" አለቻት።

አሮጊቷ እንደ ልማዷ በሩን በሩን አየች።

"የሰው ልጅ ናት።"

ሴትዮዋ አፈረች። በእኔ ፈንታ መሰለኝ ያፈረችው። እኔማ ስልሳ ዓመት ሰማሁት። ጡት ስጠባም ሳትለው አልቀረችም።

ወንድሜ ዝናው "ልጄ" ነው። "ዓለሜ" ነው። ከኮምቦልቻ አልፎ አልፎ ደውሎ ጤናዋን ይጠይቃል፣ አለቀ። አጥቤ፣ አብልቼ፣ አልጋ የማነጥፈው እኔ የሰው ልጅ ነኝ። እሱ ትምህርት ቤት ሲላክ እኔ ጥጃ ስጠብቅ አደግሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ዓመቴ ነው፣ በጎልማሶች ትምህርት፣ ጉልበቴ ከሕፃናት ዴስክ ሥር አልገባ እያለኝ። ለዚህም እሷን አመሰግናለሁ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። የኋላ ክፍሌን የተከራየችው መምህርት ኢልሀም መጽሐፏን በረንዳ ላይ ትታው ወጥታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ እየሄደች ሥነ ልቦና ትማራለች። ገለጥኩት። በጣቴ እየተከተልኩ የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። "ሥነ ልቦና የሰው ልጅን ጠባይና አእምሮ የሚያጠና ሳይንስ ነው።"

የሰው ልጅን የሚያጠና? ስለ እኔ ዓይነቱ የተጻፈ መጽሐፍ አለ? ለእኛ ለብቻችን ትምህርት ተከፍቶልናል?

ኢልሀም ስትመጣ ጠየቅኳት። እነዚህ የሰው ልጆች የሚሏቸው ብዙ ናቸው ወይ፣ ሁሉም እናታቸው የካደቻቸው ናቸው ወይ። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት የበሩን መቃን ይዛ ሳቀች።

"እማማ ባንቺ፣ የሰው ልጅ ማለት እኮ ሰው ሁሉ ነው። የአደም ልጅ በሙሉ።"

አውቃለሁ አልኳት። አውቃለሁም። ዓይኔ ግን ሌላ አነበበ።

መስከረም 23

ለኢልሀም ከባድ ሥራ ተሰጥቷታል። አንድ ሰው መርጣ፣ ያንኑ ሰው በአምስት ዓይን አይታ፣ የትኛው ዓይን ምን እንዳየ አነጻጽራ መጻፍ አለባት። የሥነ ልቦና ሊቃውንት አንድ ላይ አይስማሙም አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ዓይን አለው።

"አንቱን ልውሰድ? ስምዎን አልጽፍም" አለችኝ።

እምቢ አልኩ። ከጉልት ነጋዴ ምን ይጠናል። ግን ደግሞ አምስቱ ዓይኖች ምን ምን እንደሆኑ ማወቅ አማረኝ። አንድ አንዱን ልትነግረኝ፣ እኔ እራት ላካፍላት ተስማማን።

"ይሄ ትምህርት ለሰው ልቦና ይሰጣል?" አልኳት። "ልቦና ይስጥሽ" እየተባልኩ ነው ያደግሁት፣ እስካሁን ማንም አልሰጠኝም።

"አይሰጥም፣ ለምን እንዳጣነው ይነግረናል" አለች። መልሷን ወደድኩት። የባቲ ልጅ ናት፣ ነገር አታጣም።

መስከረም 26

እግዚኦ። ይሄ ለማን ይነገራል...

የመጀመሪያው ዓይን የአንድ ጺማም ፈረንጅ ነው። ፎቶው አለ፣ ያፈጣል። ሰው ውስጡ ራሱ የማያውቀው ጓዳ አለው ይላል። በልጅነት የዋጥነው ሁሉ እዚያ ይገባል። በሩ ቢዘጋም ሽታው ይወጣል፤ በቁጣ ይወጣል፣ በሕልም ይወጣል። እሺ፣ ይሁን። ከዚያ ኢልሀም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሻሿን ወደ አፏ ስባ፣ ሕፃን በእናት በአባቱ ላይ ምን ይመኛል ብሎ እንደጻፈ ነገረችኝ። አማተብኩ። እሷም "አስተግፊሩላህ" አለች።

"ይሄን ነው ደሴ ድረስ ሄደሽ የምትማሪው? አባትሽ ያውቃሉ?"

"ኧረ እንዳይሰሙ።"

ሁለታችንም ሳቅን። ስትሄድ ግን ሳቁ ጠፋ። ያ ጓዳ የሚለው... እኔ ምን ዋጥኩ?

ስድስት ወይ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እሾህ ወግቶኝ እያለቀስኩ ሮጬ ቀሚሷን ያዝኩ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከቀሚሷ አላቀቀቻቸው። "ወደ ባለቤትሽ ሂጂ" አለችኝ። እሾሁን የነቀለችልኝ ጎረቤታችን ዑምኩልሱም ናት። የዋጥኩት አይመስለኝም ነበር። የረሳሁት ነበር የሚመስለኝ። ዛሬ ሁሉም መጣ፣ የቀሚሷ ጥለት ሳይቀር።

ጺማሙ በምን አወቀ?

ጥቅምት 1

ሁለተኛው ዓይን የውሻ ነው።

አንድ ተመራማሪ ውሻውን ሊያበላ ሲል ደወል ያሰማዋል። ደወል፣ ምግብ። ደወል፣ ምግብ። ኋላ ምግብ ባይመጣም ደወሉን ሲሰማ ውሻው ምራቁ ይዝረበረባል። እነዚህኞቹ ጓዳ የሚባል አናውቅም ባዮች ናቸው። የባህርይ ሰዎች ነው የሚሏቸው። በዓይን የሚታየውን ብቻ ነው የሚያምኑ። ከምን በኋላ ምን መጣ? የተሸለመ ሥራ ይደገማል፣ ያልተሸለመ ይጠፋል። በቃ።

"እኔን ከውሻ ጋር?" አልኳት።

"ሁላችንንም ነው" አለች፣ ሽሮዋን እየጠረገች።

ራሴን ታዘብኩ። አሮጊቷ በከዘራዋ ግድግዳውን ኳ ስታደርግ መንጋጋዬ ይቆለፋል። ምን እንደፈለገች እንኳ ገና ሳላውቅ። ደወሉ ያ ነው። ውሻዋ እኔ ነኝ።

እሷስ? "አንቺ የሰው ልጅ" ስትል ውሃው መጣላት፣ ምግቡ መጣላት። በየቀኑ ስሸልማት ኖሬያለሁ ማለት ነው! እኔው ነኝ ያስለመድኳት...

ጥቅምት 2

ነገርኳት። ከዛሬ ጀምሮ ባንቺአየሁ ብለሽ ካልጠራሽኝ አልመጣም አልኳት። አባቴ ያወጣልኝ ስም ነው። ከእሷ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

በሩን በሩን አየች። የፈራች መሰለኝ። ይበላት።

ጥቅምት 3

ጠዋት ኳ አደረገች። በረንዳ ላይ ሽንኩርት እለቅም ነበር፣ አልተነሳሁም። "አንቺ" አለች። ዝም። "አንቺ የሰው ልጅ።" ዝም። ከዚያ ከዘራውም ዝም አለ። ቆየ። ለመጥራት እየተዘጋጀች መሰለኝ። ስሜን ልሰማ ጆሮዬን አቆምኩ። ሽንኩርቱን እንኳ መልቀም ትቼ...

የወደቀ ነገር ሰማሁ።

ወደ ጀሪካኑ ልትሄድ ኖሯል። መሬት ላይ ተዘርራ አገኘኋት። እግሯ ከጭኗ ተጣሟል፣ ጣሳው በሩ ጋ ተንከባሏል። አልጮኸችም። አላለቀሰችም። ስታየኝ ዓይኗን ከደነች።

ስሜን ከመጥራት መሰበር መረጠች።

ይሄ ምን ዓይነት ጥላቻ ነው?

ጥቅምት 6

ደሴ ደርሰን ተመለስን። መኪናውን ዝናው ላከ። አጥንቷ ተሰብሯል፣ ዕድሜዋ ለቀዶ ጥገና አይሆንም አሉ። ቤት ወስደሽ ተንከባከቢያት። ከእንግዲህ ከአልጋ አትወርድም። ብዙ አትቆይም ማለታቸው ነው፣ ገብቶኛል።

ወጣቱ ሐኪም ደግ ነው። ልጅዎ ናት ብሎ ጠየቃት። የሰው ልጅ ናት አለች፣ የክፍሉን በር እያየች። ወደ ውጭ ወስዶ አጽናናኝ። በዚህ ዕድሜ አእምሮ ይደክማል፣ የገዛ ልጅን አለመለየት ይመጣል፣ እርስዎን ጠልታ አይደለም አለኝ።

"የኔ ጌታ፣ እኔን ስትወልድ የሃያ ዓመት ሴት ነበረች። ያኔም ደክሟት ነበር?"

ተመልሶ ገብቶ ቀኑንና ወሩን ጠየቃት። ነገረችው። የዕለቱን ታቦት ጨምራ ነገረችው። የዝናውን ልጆች ስም በተርታ ጠራች።

ኢልሀም ይሄ ሦስተኛው ዓይን ነው አለችኝ፣ የሥነ ሕይወት የሚሉት። ሁሉ ነገር ከአንጎልና ከነርቭ ነው ይላል፤ ልብ ደም ይገፋል እንጂ አያዝንም፣ አይቀየምም። እየነገረችኝ ዕንባዋ መጣ። "እኔ ነኝ ያመጣሁብዎት። ውሃ ይከልከሏት እኮ አላልኩም።"

አላልሽም አልኳት። ያ ተመራማሪ እንኳ ውሻውን ውሃ የነፈገ አይመስለኝም።

ጥቅምት 9

ትቃጠላለች። ከንፈሯን በጥጥ አርሳለሁ። ሲነኳት ያማታል፣ እኔን ብቻ ግን አትከለክልም። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?

ኢልሀም አራተኛውን ዓይን ሳልጠይቃት ይዛው መጣች። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፣ መጽሐፉን ዘጋችው። ይሄኛው ሰብአዊ ነው የሚባል አለች። ሰው ክፉ ሆኖ አልተፈጠረም፤ እንዲህ ከሆንክ እወድሃለሁ ሳይባል እንዲሁ ከተወደደ በራሱ ይቃናል። አዋቂው አይመክርም፣ አይፈርድም። ይሰማል።

"ቁጭ ብሎ መስማት ብቻ? ለዚህ ነው ደመወዝ የሚበሉት?"

ሳቀች። ከዚያ "ምን ይሰማዎታል?" አለችኝ።

ሰው ምን አመመሽ ይለኛል። ምን ሸጥሽ ይለኛል። ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አፌ ዝም ብሎ ተከፈተ። ስለ እሾሁ ነገርኳት። ስለ ዝናው ደብተር ነገርኳት፣ የተጻፈበትን ገጽ ገልብጬ ሳይ ከእጄ ነጥቃ እንደወሰደችው። ኢልሀም አላቋረጠችኝም። በመጨረሻ ራሴን የሰማሁት እንዲህ ስል ነው።

"እውነቷን ቢሆንስ? እውነት የሰው ልጅ ብሆንስ?"

ይሄን አስቤው አላውቅም። ስልሳ ዓመት ስድብ ነው ብዬ ሰማሁት እንጂ... ዑምኩልሱም "ልጄ" ነበር የምትለኝ። ለአረፋ ለልጆቿ ቀሚስ ስታሰፋ ለኔም ታሰፋለች። ራሴን ቅቤ የቀባችኝ እሷ ናት። ወደ ባለቤትሽ ሂጂ ስባል የምሄደው ወደ እሷ ነበር። ባለቤት... ባለቤት ማለት ምን ማለት ነው?

አሮጊት ሆኜ፣ ማተቤን ጨብጬ፣ ማን ወለደኝ እላለሁ።

"በሕይወት አሉ እኒያ ሴትዮ?" አለች ኢልሀም።

አሉ። አርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ እዚያው ያደግንበት።

"ታዲያ አይጠይቋቸውም?"

ጥቅምት 12

ፊደሉ ሁሉ ይንጋደዳል። ልጻፈው።

ኢልሀም ከአሮጊቷ ጋር ዋለችልኝ። የሰፈራችን ልጅ አሊ በባጃጁ መንገዱ እስከሚያስኬደው ወሰደኝ፣ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። አርዲቦ እንዳለ ነው። ውሃው እዚያው፣ ማሽላው እዚያው። ቤታችን የነበረበትን ቦታ ሰው አርሶታል።

ዑምኩልሱም ዓይኗ ጠፍቷል። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፣ ልጇ ሐቢባ በቆሎ ትፈለፍላለች። ድምፄን ስትሰማ "ልጄ መጣች" አለች። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም።

"እማማ ዑምኩልሱም፣ የወለዱኝ አንቱ ነዎት?"

የሐቢባ እጅ በቆሎው ላይ ቆመ። ዑምኩልሱም ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች።

"አልወለድኩሽም። ገዝቼሽ ነው።"

መጀመሪያ የጃጀች መሰለኝ።

"ወላሂ ገዝቼሻለሁ። በእፍኝ ጨው።"

ቆሜ ነበር። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የነገረችኝን ሁሉ እንደሰማሁት እጽፋለሁ፣ ነገ ሕልም ነው እንዳልል።

አሮጊቷ ከእኔ በፊት የወለደቻቸውን ሁሉ ቀብራለች። አንዱም ጥርስ አላወጣም። እኔ ስወለድ አልሳመችኝም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የአገሩ ሴቶች ተሰብስበው መከሯት። ሞት አንቺን ለምዶሻል፣ ደጅሽን ያውቀዋል፣ ይቺ ያንቺ መሆኗን እንዳያውቅ አሏት። ልጅ ወልዳ ቀብራ የማታውቅ ጎረቤት ዑምኩልሱም ነበረች። አሮጊቷ በጓሮ በኩል፣ በአጥር ቀዳዳ፣ እኔን አቀበለቻት። ዑምኩልሱም ጨውዋን ዘገነችላት። ቤቷ አስገባችኝ። ቆይታ በፊት ለፊት በር ይዛኝ ወጣችና፣ መንደሩ እየሰማ፣ ጡት አለሽ አሉ፣ ይቺን ልጄን አጥቢልኝ አለቻት። አሮጊቷም የማን ናት ብላ ጠየቀች፣ እንደማታውቅ። የኔ ናት። እንግዲያው የሰው ልጅ ናት፣ እስክትነሳልሽ አቆያታለሁ...

"ሞት በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል ብለን ነው። የማን ናት ሲል የሰው ልጅ ናት ይባላል። ያረቢ፣ እናትሽ ግን ልቧ ጠና። እኛስ ጥርስ እስክታወጪ ነበር የመሰለን። እሷ ፈራች። እንዳትስም፣ እንዳታቆላምጥ፣ ስምሽን እንዳትጠራ ለራሷ ከለከለች። አንድ ቀን አፌ ቢያመልጠኝ ይሰማኛል አለች።"

ዝናውንስ አልኩ።

"በአንቺ ተሸውዶ መንገዱን ሳተዋ። እሱን በሰላም ሳመችው።"

ትምህርት ቤትስ? ለምን...

ዑምኩልሱም ነገረችኝ። መምህሩ ልጅ ሲመዘግብ አሮጊቷ እያለቀሰች ወደ እሷ ሄዳ ነበር። ስሟ ከነአባቷ ሊጻፍ ነው፣ የማን ልጅ እንደሆነች በቀለም ሊጻፍ ነው፣ እንግዲህ አለቀች አለቻት። ዑምኩልሱም በኛ ስም እናስጽፋት ብትላት አባቴ እንቢ አለ። ቀረሁ።

ለዚህ ነው ደብተሩን ከእጄ የነጠቀችው? የተጻፈ ነገር ስለምትፈራ?

ለምን አልነገሩኝም አልኩ። መጮኼ ነው መሰለኝ ሐቢባ ተነሳች።

"አገሩ ሁሉ ያውቃል ልጄ። ማን አፉን ከፍቶ ይናገር፣ ሊያስገድልሽ ነው? አሁን እንኳ የነገርኩሽ ሞት ከእኛ ከአሮጊቶቹ ጋር ሥራ ስለያዘ ነው። አንቺም ጠየቅሽኝ። ከዛሬ በፊት አልጠየቅሽም።" እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳሰሰች። "አብሽሪ። ስታቀብለኝ ያለቀሰችውን ብታይ... እጇ ላይ ያለው ጨው ሟሟ። የከሰርኩት እኔ ነኝ።"

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። አሊ አሞሻል እንዴ ሲለኝ ነው ባጃጅ ውስጥ መሆኔን ያወቅሁ።

ጥቅምት 13

ተሸጬ ነበር። ቃሉን ጻፍኩት፣ መልሼ አነበብኩት። ያው ነው። ተሸጬ ነበር።

ጥቅምት 15

ኢልሀም አምስተኛውን ዓይን ነገረችኝ። የግንዛቤ ይባላል። የሚጎዳን ነገሩ አይደለም፣ ስለ ነገሩ ያሰብነው ነው ይላል። ያንኑ አንድ ቃል ሁለት ሰው ሁለት አድርጎ ይሰማዋል። "ያን ቀን በረንዳ ላይ እንዳነበቡት" አለችኝ። "መስመሩ አንድ ነው፣ እኔና አንቱ ሌላ ሌላ አነበብን።"

ተናደድኩ። ጥጃ የጠበቅሁት በሐሳብ ነው? ጉልበቴ ዴስክ ሥር አልገባ ያለው በሐሳብ ነው? ወንድ ብሆን ኖሮ አባቴ እንቢ ይል ነበር? መላ ያገኝልኝ ነበር። በጎረቤት ስምም ቢሆን፣ በአጎት ስምም ቢሆን ያስገባኝ ነበር። ይሄን ሁሉ አልኳት።

"ያ ሐሳብ አይደለም" አለች ቀስ ብላ። "ያ በደል ነው።"

እንዲህ ስትለኝ ነው የበረድኩት።

ከዚያ አብረን አነጻጸርን። የቤት ሥራዋ ነዋ። ጺማሙ የእኔን ጓዳ ከፈተው፣ የአሮጊቷን ጓዳ ግን አላየም፤ ለካ የእሷ ይብስ ነበር። የውሻው ሰዎች የሚታየውን ብቻ ያምናሉ፤ የሚታየው ደግሞ ሆን ብሎ እንዲታይ የተደረገ ነበር። ሞትም እንደነሱ በሚታየው የሚያምን ነው ተብሎ። ሐኪሙ ረስታለች አለ፤ ከሁላችንም ያልረሳች እሷ ናት። የሚሰማው ዓይን ደህና ነው። ባትሰማኝ ኖሮ አርዲቦ አልሄድም። የመጨረሻውም እውነት አለው፣ ግን ስልሳ ዓመት ዘገየ። የትኛው ነው ትክክል አልኳት። እሱን አስተማሪዋም አያውቅም አለችኝ።

"ጎረቤት ጠይቁ የሚል ዓይን የለም?"

"አለ፣ የባህል የሚባል። እሱ በሚቀጥለው ሴሚስተር ነው።"

ሳቅሁ። አሮጊቷ ከወደቀች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

የኔን ነገር መጻፍ እንድትችል ፈቀድኩላት። ስሜን ብቻ አትጻፊ አልኳት። ለምን እንደሆነ ገባት። ቀና ብላ በሩን አየች፣ እሷም!

ጥቅምት 18

ምግብ እምቢ ብላለች። ዛሬ ካልነገርኳት መቼ እነግራታለሁ... ቁጭ አልኩ ከአልጋዋ ሥር።

"አርዲቦ ሄጄ ነበር።"

ዓይኗን ገለጠች።

"ባለቤትሽ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"ምን አለችሽ?"

ሁሉን ልነግራት ነበር። ላለቅስባትም ነበር፣ ልጮህባትም ነበር። ስንት ጊዜ አዘጋጅቼዋለሁ። ከአፌ የወጣው ግን ቀልድ ነው።

"ጨዌን መልሱልኝ አለች።"

እንዲህ ስትደነግጥ አይቻት አላውቅም። ስትወድቅም እንዲህ አልሆነች። ልትነሳ ሞከረች፣ ሕመሟ መልሶ ጣላት። በሩን አየች፣ ወደ እኔ ሳበችኝ። አፏ ከጆሮዬ ተጠጋ።

"እንዳትመልሺ። እኔ ሳልሄድ እንዳትመልሺ።"

"ለምን?"

"አሁን እዚህ ቤት ገብቷል። እኔን ሊወስድ ነው የመጣ። አንቺን እንዳያይብኝ።"

ስልሳ ዓመት በር ስትጠብቅ ኖራ፣ አሁንም ትጠብቃለች። አጥንቷ ተሰብሮ። ውሃ ሲጠማት ስሜን ያልጠራችው... ያን ዕለት እኔ ጥላቻ ብዬ ጻፍኩት። እዚሁ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ገልብጬ አየሁት። አልሰረዝኩትም። ምን ሊረዳ።

ቂሜስ? አለ። የትም አልሄደም። ግን ማን ላይ ላስቀምጠው?

ጥቅምት 21

መምሬ እንየው መጡ፣ አዲሱ ቄስ። ለዚህ ሰፈር እንግዳ ናቸው፣ ታሪኩን አያውቁም። ጸሎት አድርሰው፣ ጠበል ረጭተው፣ አረፍ አሉ። ትንፋሿ አጭር ነው፣ ግን ታውቃለች፣ ሁሉን ትሰማለች። እንደማንኛውም ሰው ጠየቋት።

"እማማ፣ ይቺ ልጅዎ ናት?"

በሩን አየች። ድምፅ ከየት እንዳመጣች እንጃ።

"የሰው ልጅ ናት።"

መንጋጋዬ አልተቆለፈም። መምሬ ተሳቀቁ፣ የደከመች መሰላቸው። ወደ እኔ ዞረው፣ ሊያጽናኑኝ ነው መሰለኝ፣ በለሆሳስ ጠየቁኝ።

"እናትሽ ናቸው አይደል?"

እኔም በሩን አየሁ። ፀሐይ ገብታበታለች፣ ማንም የለም። ቢሆንም ድምፄን ከፍ አደረግሁ፣ ደጅ ድረስ እንዲሰማ።

"አይደሉም አባ። የሰው እናት ናቸው። አደራ ተብዬ ነው።"

ኢልሀም በሩ ጋ አፏን በሻሿ ያዘች። መምሬ ግራ ተጋብተው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ያያሉ። እኔ አላየኋቸውም። ከብርድ ልብሱ ሥር እጄን ፈለገችው። አገኘችው። ጣቶቼን አንድ በአንድ ሰብስባ ጨበጠቻቸው፣ ሰው በማያይበት።

ሞት ፊደል መቁጠሩን እንጃ። እኔም እስከ ሃምሳ ዓመቴ አልቆጠርኩም። እዚህ ላይ ቢጻፍ አይሰማ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ብቻ፣ በትንሹ፣ ልጻፈው።

እናቴ ናት።